ሞተሩ ይጥፋ፣ ሾፌሩ ይተኛ

በኮሎራዶ፣ ኦሮራ ለከባድ መኪና ሾፌሮችና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የቀረበ

ከመንገድ በቀጥታ ወደዚህ አዳራሽ የመጣችሁ ሾፌሮች፣ ከአሥር ሰዓት ዕረፍታችሁ ላይ ቆርሳችሁ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ የምትሰጡኝ ሰዓት ከእንቅልፋችሁ እንደሚቀነስ አውቃለሁ። አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ ስለ ሞተር ጥገና የማወራ መስሏቸው ነበር። እንጀራዬም እሱ ነው። እኔ ግን የመረጥሁት መኪናው ቆሞ፣ ሾፌሩ መጋረጃውን ስቦ ጋደም የሚልባትን ሰዓት ነው።

ዓላማዬን በግልጽ ላስቀምጥ። ሾፌር ሌሊቱን ሙሉ ሞተሩን በሚኒሞ፣ ማለትም ቆሞ እየሠራ፣ ትቶት የሚያድረው የነዳጁ ዋጋ ጠፍቶት ወይም የሰው ጤና ሳይገደው ቀርቶ አይደለም፤ መተኛት ስላለበት ነው። ስለዚህ «ሞተር አጥፋ» የሚል ሁሉ፣ መንግሥትም ይሁን ኩባንያ፣ በሞተሩ ፈንታ ምን እንደሚሰጠው አብሮ መናገር አለበት። መጀመሪያ ሞተሩ ለምን እንደማይጠፋ፣ ቀጥሎ ሳይጠፋ ማደሩ ምን እንደሚያስከፍል፣ ከዚያም በምን ሊተካ እንደሚችል እናገራለሁ። ወጪውን ማን ይሸከም ወደሚለው፣ አንዳንዶቻችሁን ሊያስቆጣ ወደሚችለው ጉዳይ የምመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለቤተሰቦች ስል ከደንቡ ልነሳ። በአሜሪካ ፌዴራል ደንብ መሠረት የጭነት መኪና ሾፌር በ14 ሰዓት የሥራ ጊዜ ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም፤ እንደገና መሪ ከመያዙ በፊት 10 ተከታታይ ሰዓት ማረፍ ይኖርበታል። ከ2017 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የአብዛኛውን ሾፌር ሰዓት የሚቆጥረው በእጅ የሚሞላ መዝገብ መሆኑ ቀርቶ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሆኗል፤ ተለማምጦ ማሳለፍ የለም። እንቅልፍ ለሾፌር የሥራው አካል ነው ማለት ነው። ደንቡ ግን ስንት ሰዓት ማረፍ እንዳለበት ይወስናል እንጂ በምን ዓይነት ሙቀት ወይም ብርድ ውስጥ እንደሚያርፍ አንድም ቃል አይናገርም። ይህን ክፍተት ነው ሞተሩ ሲሞላ የኖረው።

ጋቢና በባሕርይው ለእንቅልፍ የተሠራ ክፍል አይደለም። ፊቱ በሙሉ መስታወት ነው፤ ጎኑ ቀጭን ቆርቆሮ ነው፤ ወለሉ ሥር ቀኑን ሙሉ ሲነድድ የዋለ ሞተር አለ። ሐምሌ ላይ ፊኒክስ ውስጥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንኳ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ይቆያል፤ ጥር ላይ በዋዮሚንግ የአይ-80 መንገድ ላይ፣ ሮውሊንስ ወይም ላራሚ አጠገብ፣ ነፋሱ ግድግዳውን አልፎ አጥንት ይገባል። የሰው አካል ወደ እንቅልፍ የሚሄደው የውስጥ ሙቀቱ ትንሽ ዝቅ ሲል ስለሆነ፣ በጋለ ጋቢና ውስጥ ሰው ይገላበጣል እንጂ አይተኛም። ሌሊት የሚነዳውን ደግሞ አስቡት። እሱ አልጋው ላይ የሚወጣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ፀሐይዋ ሥራዋን የምትጀምረው እሱ ሲጨርስ ነው።

ከመካከላችሁ የጅቡቲን መስመር የምታውቁ አባቶች «ይቺም ችግር ሆና!» እንደምትሉ ይገባኛል። በአፋር ሜዳ፣ በሚሌና በሰመራ በኩል እስከ ጋላፊ ድረስ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት ቦታ፣ ጋቢናው አላስተኛ ሲል ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ነፋስ ከመጣ ይተኛል፣ ትንኝ ከመጣ ሳይተኙ ይታደራል። በረታችሁ፣ አሳለፋችሁት። እዚህ አገር ግን ያ መውጫም የለም። በትራክ ስቶፕ አስፋልት ላይ፣ በሁለት መኪና መካከል ምንጣፍ የሚያነጥፍ ሰው ጠዋት አይነሳም። መስኮት ከፍቶ ማደሩም ለሌባና ለጎረቤት ጭስ በር መክፈት ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ቁልፉን አይነቅልም።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ከንቱ ፍርሃት ግን አይደለም። ናፍጣ በከባድ ብርድ ውስጡ ያለው ሰም ይረጋና ማጣሪያውን ይዘጋል፤ ዘይቱ ይወፍራል፤ ባትሪው ጉልበቱ ይከዳዋል። ማታ ሞተሩን ያጠፋ ሰው ጠዋት ላይነሳለት ይችላል፤ ሎዱ ይዘገያል፣ ብሮከሩ ይደውላል፣ የሳምንቱ ገቢ ይበላሻል። ለብርዱ የተዘጋጀ ናፍጣ፣ ፀረ-እርጋታ መድኃኒትና በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሞተር ማሞቂያ ይህን ፍርሃት ያቃልላሉ፤ ሁሉም ግን አስቀድሞ መዘጋጀትን ይጠይቃሉ። በዚህ ላይ ፍሪጁ አለ፣ ስልኩ አለ። አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የመቆራረጥ ሕመም፣ ያለበት ሾፌር ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው የመተንፈሻ ማሽኑ አለ፤ እሱን «ለአንድ ሌሊት ተወው» ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ ሂሳቡ እንግባ። አንድ ትልቅ መኪና በሚኒሞ ቆሞ በሰዓት 0.8 ጋሎን ገደማ ናፍጣ ይጠጣል፤ ሚኒሞው ከፍ ካለና ኤሲው ከበረታ ከአንድ ጋሎንም ያልፋል። የአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሰዎች ረጅም ርቀት የሚጓዝ መኪና በዓመት 1,800 ሰዓት ያህል እንዲህ ቆሞ እንደሚነድድ ገምተዋል። ናፍጣውን ለምሳሌ በ4 ዶላር ብናስበው፣ አሥር ሰዓት ማለት 8 ጋሎን፣ 32 ዶላር ነው። በዓመት ሲባዛ 5,760 ዶላር ይሆናል። አንድ ማይል እንኳ ሳይነዳበት።

ገንዘቡን ተዉትና ጉልበቱን እንየው፤ ለእኔ የሚገርመኝ እሱ ነው። አንድ ጋሎን ናፍጣ ውስጥ 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት አለ። 0.8 ጋሎን ማለት 32 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የአሜሪካ መካከለኛ ቤት በቀን የሚጠቀመው ኤሌክትሪክ ደግሞ 30 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በነዳጅ ውስጥ ያለ ሙቀትና በሽቦ የመጣ ኤሌክትሪክ እኩል እንዳልሆኑ የሚያውቅ ወጣት መሐንዲስ እዚህ ተቀምጦ እጁን ሊያነሳ ይችላል፤ ልክ ነው፣ እኩል አይደሉም። ቢሆንም መጠኑን አስተውሉ፤ አንድ ሰው በአንዲት ጠባብ አልጋ ላይ እንዲተኛ ሲባል በየሰዓቱ የአንድ ቤተሰብ የቀን ፍጆታ የሚያህል ጉልበት ይቃጠላል። ያቺን አልጋ ለማቀዝቀዝ በቂ የሆነው ትንሽ ኤሲ ብዙውን ሰዓት ከአንድ ኪሎዋት በታች ኤሌክትሪክ ነው የሚፈልገው። የቀረው በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ይወጣል። 500 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ለዚህ ማስነሳት ለአንድ ሲኒ ቡና በርሜል ሙሉ ውሃ እንደማፍላት ነው።

ሞተሩም ቢሆን ይህን ኑሮ አይወደውም። ከ2007 ሞዴል ጀምሮ የመጡት ሞተሮች ዲፒኤፍ የምንለውን የጥላሸት ማጣሪያ ይዘው ነው የተሠሩት። ማጣሪያው የሚያጠራቅመውን ጥላሸት የሚያቃጥለው ጭሱ በደንብ ሲግል ነው፤ ጭሱ የሚግለው ደግሞ መኪናው ጭነት ይዞ ሲጎትት ነው። በሚኒሞ ጭሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጥላሸቱ ይከማቻል እንጂ አይነድድም። ሌሊት ሌሊት የተከማቸው አንድ ቀን መብራት ያበራል፣ መኪናው «አቁመህ አጽዳኝ» ይላል፣ ሲብስም ጉልበቱን ራሱ ይቀንሳል። እኔ ጋራዥ የሚመጡት ሰዎች ማጣሪያውን ይረግሙታል፤ ታሪኩ ግን ብዙ ጊዜ ሲተኙ ነው የተጀመረው።

ስለ ጤናው አጭር ቃል ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡ ነገሮች ጋር መድቦታል። በአንድ ትራክ ስቶፕ መቶ መኪና ጎን ለጎን ሲያጨስ ካደረ፣ የመጀመሪያው ተንፋሽ እዚያው የተኛው ሾፌር ነው።

ቆሞ ሞተር ማሠራትን የሚከለክለው ሕግ ግን ሰፋ ያለ ቃል ይፈልጋል፤ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ። ካሊፎርኒያ ከ2008 መግቢያ ጀምሮ አልጋ ያለውንም መኪና ጨምራ ከአምስት ደቂቃ በላይ ቆሞ ሞተር ማሠራትን ከልክላለች፤ ትንሹ ቅጣት 300 ዶላር ነው። 2008ና ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሞተር በአምስት ደቂቃ ራሱን ማጥፋት አለበት፣ አለዚያም ጭሱ የተቀነሰ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት መለጠፍ ይኖርበታል። ምልክቱ ያለውም ቢሆን በመኖሪያ ቤትና በትምህርት ቤት አጠገብ አይፈቀድለትም። ኒው ዮርክ ከተማ ሦስት ደቂቃ ትሰጣለች፣ ትምህርት ቤት አጠገብ አንድ ደቂቃ ብቻ። እዚያ ደግሞ ጥሰቱን በቪዲዮ ቀርጾ የሚያመለክት ማንኛውም ነዋሪ ከቅጣቱ ሩቡ ይከፈለዋል። ብሮንክስ ውስጥ ስልኩን ወደ መኪናችሁ ያዞረ ሰው ስታዩ ከባድ መኪና የሚወድ ቱሪስት ነው አትበሉ።

ወደ ሦስተኛው ክፍል፣ በምን እንተካው ወደሚለው መጣሁ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሙቀትና ቅዝቃዜን አንድ ችግር አድርጎ ሲያስብ ነው። ማሞቅ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ማቀዝቀዝ ነው ከባዱ። ከሁለቱም በፊት ግን የሚቀድም አለ፣ እሱም ጋቢናውን መሸፈን ነው። በመስታወቶቹ ላይ የሚገጠም አንጸባራቂ መሸፈኛ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ በግድግዳው ውስጥ የተጨመረ መከላከያ፣ ሲቻል ነጭ ቀለም፤ እነዚህ ነዳጅ አይጠጡም፣ አይበላሹም። ከዚህ አዳራሽ ሩቅ በማይባል ቦታ፣ በጎልደን፣ የብሔራዊ ታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ይባል የነበረው ተቋም ኩልካብ በሚባለው ፕሮጀክቱ ቀለሙም መከላከያውም የኤሲውን ሥራ በእጅጉ እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ሾፌሩ የሚተኛው ከመቀመጫው ኋላ ስለሆነ መጋረጃውን ስቦ አልጋውን ብቻ ማቀዝቀዝ ሲችል መስታወቱን ሁሉ ለማቀዝቀዝ መድከም የለበትም። የብዙ ሺህ ዶላር ዕቃ ገጥሞ መስኮቱን ሳይሸፍን የሚያድር ሰው አይቼ አዝኛለሁ።

ለብርዱ መድኃኒቱ በናፍጣ የሚሠራ ትንሽ የአልጋ ማሞቂያ ነው። ዌባስቶና ኤስፓር የሚባሉት በብዛት ይታወቃሉ። ከመኪናው ጋን ጠብታ ጠብታ ናፍጣ እየወሰደ በትንሽ ክፍል ውስጥ ያቃጥላል፣ የሚሞቀውን አየር ወደ አልጋው ይነፋል፣ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ ያወጣል። ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ አንድ ጋሎን ሌሊቱን አሳድሮ ይተርፋል፤ ሞተሩ ስምንት ጋሎን የሚጠጣበትን ሌሊት። ገንዘብ ያጠረው ባለመኪና መጀመሪያ ምን ልግዛ ካለኝ ያለማመንታት ይህን እለዋለሁ። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፤ ገጠማውን ለሚያውቅ ሰው ስጡ፣ አልጋው አጠገብም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ስቀሉ። በርካሽ የተገዛ ማሞቂያ የጭስ ቱቦው ከላላ ጋዙ ሽታ የለውም፣ አይቀሰቅስም። በጋቢና ውስጥ የጋዝ ምድጃ ለኩሶ መሞቅማ ጨርሶ አይታሰብ።

ለሙቀቱ ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ኤፒዩ ነው፤ በመኪናው ጎን የሚታሰር፣ ብዙውን ጊዜ ባለ ሁለት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር። ኤሲውን ያንቀሳቅሳል፣ ባትሪ ይሞላል፣ በሰዓት የሚጠጣው ሩብ ጋሎን ገደማ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ፊኒክስ ውስጥ የማይደክም እሱ ነው። ጉድለቱ ዋጋው፣ ድምፁና ጥገናው ነው፤ ሁለተኛ ሞተር ገዛችሁ ማለት ሁለተኛ ዘይት፣ ሁለተኛ ቀበቶ፣ ሁለተኛ ማጣሪያ ገዛችሁ ማለት ነው። ክብደቱም ብዙ መቶ ፓውንድ ነው። በ2012 የወጣ የፌዴራል ሕግ ግዛቶች ለዚህ ዕቃ ሲሉ ከ80,000 ፓውንድ ላይ እስከ 550 ፓውንድ እንዲፈቅዱ ያስችላል፤ የክብደቱን ማስረጃ በእጅ መያዝና የምታልፉበት ግዛት መፍቀዱን ማወቅ ግን የእናንተ ፋንታ ነው። ካሊፎርኒያ የምትጭኑ ደግሞ አስተውሉ፤ መኪናችሁ 2007 ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሞተር ካለው ኤፒዩው የራሱ ማጣሪያ እንዲኖረው ወይም ጭሱ በመኪናው ማጣሪያ በኩል እንዲወጣ ግዴታ አለ።

ሁለተኛው በባትሪ የሚሠራ ኤሲ ነው። ድምፅ የለውም፣ ጭስ የለውም፣ የትም ግዛት አይከለከልም። ሻጩ የማይነግራችሁን ሂሳብ ግን ልሥራላችሁ። አራት ባትሪ፣ እያንዳንዱ 100 አምፔር ሰዓት፣ በ12 ቮልት፣ ሲባዛ 4,800 ዋት ሰዓት ነው። የተለመደው ኤጂኤም ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ማውረድ አይመከርም፤ እጃችሁ ላይ የቀረው 2,400 ነው። ኤሲው በአማካይ 500 ዋት ከወሰደ አምስት ሰዓት ገደማ ይሠራል ማለት ነው። ዕረፍታችሁ አሥር ሰዓት ነው። ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከፍታ ላይ፣ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ አምስቱ ሊበቃ ይችላል፤ ላሬዶ ላይ ግን እኩለ ሌሊት አልፎ ላብ ይቀሰቅሳችኋል። የሊቲየም ባትሪ አብዛኛውን ጉልበቱን ስለሚሰጥ ሂሳቡን ይለውጠዋል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ከበረዶ ነጥብ በታች ሳለም መሞላት የለበትም። ባትሪ የምትገዙ ሰዎች ስንት ሰዓት ይሠራል ብላችሁ አትጠይቁ፤ በስንት ዲግሪ ሙቀት ስንት ሰዓት ይሠራል በሉ።

ሦስተኛው መንገድ ከቆሙበት ቦታ ኤሌክትሪክ መውሰድ ነው። ለዚህ ትልቁን ሙከራ ያደረገው በ2000 በኖክስቪል፣ ቴነሲ የተመሠረተው አይድልኤር ነበር። ከመኪኖቹ በላይ የብረት ማማ ዘርግቶ፣ ወፍራም ቱቦ አውርዶ በመስኮቱ በኩል ቀዝቃዛ ወይም ሙቅ አየር፣ ኢንተርኔትና ቴሌቪዥን በሰዓት ክፍያ ይሰጥ ነበር። ከመቶ በላይ ቦታዎች ላይ ደረሰ፤ በ2008 ግን ለኪሳራ አመለከተ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። እኔ እንደማየው የተሳሳተው ሾፌሩ የሚያድርበትን የሚመርጥ መስሎት ነው። ሾፌር የሚያድረው ሰዓቱ ባለቀበት፣ ያውም ቦታ ከተገኘ ነው፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ትራክ ስቶፕ ገብቶ ክፍት ቦታ ፍለጋ የዞረ ሁሉ ያውቀዋል። ማቀዝቀዣው ከመኪናው ጋር ካልተጓዘ ብዙውን ሌሊት ሌላ ቦታ ይቀራል።

አሁን ወደ መጨረሻው፣ ማን ይክፈል ወደሚለው። የራሱ መኪና ያለው ሰው ጉዳይ ቀላል ነው። ናፍጣውም የእሱ፣ እንቅልፉም የእሱ ነው። ኤፒዩው አሥር ሺህ ዶላር ገደማ ቢያስወጣው፣ በዓመት አራት ሺህ እንኳ ከናፍጣው ቢተርፈው፣ ሦስተኛው ዓመት ሳያልቅ ገንዘቡ ይመለሳል። ከ2008 ወዲህ እነዚህ ዕቃዎችና የተሻሻለ የጋቢና መከላከያ ከ12 በመቶው የፌዴራል ኤክሳይዝ ታክስ ነፃ እንዲሆኑ የሚያስችል ሕግም አለ።

ተቀጣሪው ሾፌር ጋ ሲመጣ ነገሩ ይጣመማል። ናፍጣውን የሚከፍለው ኩባንያው ነው፤ ላቡን የሚያወጣው ሾፌሩ። አንዳንድ ኩባንያዎች የሞተሩን ኮምፒዩተር በተወሰነ ደቂቃ እንዲያጠፋው ያዙታል፣ ሌሎች ሞተር ላላስነሳ ሾፌር ጉርሻ ይከፍላሉ። ጉርሻው ለናፍጣ ቁጠባ ደግ ይመስላል። ለእኔ ግን ሰውየው እንቅልፉን በጥቂት ዶላር እንዲሸጥ መጋበዝ ነው፤ በማግስቱ 80,000 ፓውንድ ይዞ በቤተሰቦቻችን አጠገብ የሚያልፈው ያው ሰው ነው። ማቀዝቀዣ ገጥሞ ሞተር አጥፋ የሚል ኩባንያ ልክ ነው። ሳይገጥም አጥፋ የሚለው የራሱን ወጪ በሠራተኛው ሰውነት ላይ አስተላለፈ እንጂ አልቆጠበም።

ከሁሉ የባሰው ግን ሊዝ ላይ ያለው ነው፤ ከወጣቶቻችንም ብዙዎቹ የሚገቡት በዚህ በር ነው። ናፍጣውን ይከፍላል፣ መኪናው ግን ገና የእሱ አይደለም። ውሉ ቢፈርስ ጥሎት በሚሄደው መኪና ላይ አሥር ሺህ ዶላር የሚያስር ሞኝ የለም፤ አከራዩም ናፍጣው ስለማይነካው አይገጥምም። ስለዚህ በየሌሊቱ 32 ዶላር ይነድዳል፣ ማንም አያይም። መፍትሔው ያለው ከመፈረም በፊት ባለችው ሰዓት ብቻ ነው። የሳምንቱን ክፍያ ብቻ እያያችሁ አትፈርሙ። ኮምፒዩተሩ ሞተሩን በስንት ደቂቃና በስንት ዲግሪ እንደሚያጠፋ ጠይቁ፤ ኤፒዩው ሲበላሽ ጥገናው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይሁን። «ኤፒዩ አለው» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ እኩለ ቀን ላይ ሂዱ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ኤፒዩውን አስነሱ፣ መጋረጃውን ሳቡና ግማሽ ሰዓት አልጋው ላይ ጋደም በሉ። ሻጩ ውጭ ይጠብቅ።